ከአቦል በኋላ ሲኒዬን ለምን እንደምደፋ

ቶናው እየተቀዳ ነበር። ጎረቤቴ እጣን ስትጨምር ጢሱ አፍንጫዬ ገባና አነጠሰኝ። ያኔ ሽንቴ አመለጠኝ። በረካው አለቀ፣ ሰው ተበተነ፤ እኔ ግን «ጉልበቴን ይዞኛል» ብዬ እስኪመሽ ከበርጩማው አልተነሳሁም።

63 ዓመቴ ነው፤ አምስት ወልጃለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ቡና ቀረሁ፣ ለቅሶ ቀረሁ። መርካቶ ስወርድ እንኳ ሽንት ቤት ያለው የቱ ጋ እንደሆነ እያሰብኩ ነው። ጅማ ተቀምጦ ከቡና መቅረት ማለት ደግሞ ከሰው መቅረት ነው።

ውሃም ተውኩ። ትልቁ ስህተቴ እሱ ነበር። ሽንቴ ጠቆረ፣ ፊኛዬን እያቃጠለ ይባስ አጣደፈኝ። ሆድ ድርቀት ተጨመረበት።

የነቃችብኝ ልጄ ናት። «እማዬ፣ ልብስሽን ለምንድን ነው ተደብቀሽ የምታጥቢው?» አለችኝና ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ሽንትና ስኳር ተመረመርኩ፤ ኢንፌክሽንም ስኳርም የለም። ነርሷ፣ «እማማ፣ ሲያስነጥስዎት ብቻ ነው ወይስ ቀን ከሌት ይፈሳል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ፌስቱላ (በፊኛና በብልት መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ) ሊሆን ይችላል፤ እሱ በቀዶ ሕክምና ነው የሚታከመው። የእኔ በወሊድና በዕድሜ የላላ ጡንቻ ነው።

መፍትሔው ኬግል የሚባል እንቅስቃሴ ነው፤ በ1940ዎቹ ያስተዋወቀው አሜሪካዊ ሐኪም ስም ነው። ፈስ እንደሚይዝ ሰው (ይቅርታ፣ ግን ከዚህ የተሻለ አገላለጽ የለም) ጡንቻውን ወደ ላይ ስቦ መያዝ፣ ከዚያ መልቀቅ። ስምንቴ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ ትንፋሼን ይዤ መቀመጫዬን ስጨምቅ ከረምኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ነርሷ ስቃ፣ «እያወሩ መያዝ ከቻሉ ልክ ነዎት» አለችኝ። አሁን ቡና ስቆላ እሠራዋለሁ፤ ሰው የሚያየው እጄን ነው። ማስነጠስ ሲመጣም ቀድሜ እይዛለሁ። ለውጡ የታየኝ በሦስተኛው ወር ነው። በሦስት ሳምንት ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ልጄ ባትቆጣኝ እተወው ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ቡናው ነው። ፊኛን ያጣድፋል ተባልኩ። የአባ ጅፋር አገር ሰው ቡና ተይ ሲባል! ተደራድሬ አቦልን ብቻ እጠጣለሁ። ውሃዬንም ጀመርኩ፤ ወደ ማታ ግን እቀንሳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከአቦል በኋላ ሲኒዬን ስደፋ ጎረቤቴ፣ «ምነው፣ ቡናዬ ቀጠነብሽ?» አለችኝ። ሌሎቹ እስኪሄዱ ጠብቄ ምክንያቱን ነገርኳት። ጀበናውን አስቀመጠችና ሄዳ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«እስቲ ንገሪኝ፣ እንዴት ነው የሚያዘው?»