ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ፦ በድሬዳዋ ለአንዲት አነስተኛ ትምህርት ቤት ገንዘብ ያሰባሰብንበት መንገድ

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ብቻ ያለው፣ በድሬዳዋ ከሚገኙት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መካከል በተማሪ ብዛት ከአነስተኞቹ የሚመደብ ነው። የትምህርት ቤት ድጎማ በተማሪ ቁጥር ልክ ስለሚሰላ ለእኛ የሚደርሰን ገንዘብም በዚያው መጠን ያንሳል፤ ጠመኔ፣ ወረቀትና የጽዳት ዕቃ ከተገዛበት በኋላ ለግንባታ የሚተርፍ ነገር የለውም። ችግራችን ደግሞ ውኃ ነበር። የከተማው መስመር በሚቋረጥባቸው ቀናት ልጆቹ ከቤታቸው በጠርሙስ ይዘው ከመጡት በቀር የሚጠጡት አልነበራቸውም፤ የድሬዳዋን የረፋድ ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረታችን ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ፣ ሮቶው የሚቀመጥበትን የብረት ማማና ስድስት ቧንቧ ያለው መጠጫ ለማሠራት ሲወስን፣ ገንዘብ የማሰባሰቡን ሥራ እንዳስተባብር ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠኝ።

ኮሚቴው ሥራውን የጀመረው የማንሄድባቸውን መንገዶች በመለየት ነው። ቀዳሚው ለወላጅ የሚላክ የመዋጮ ደብዳቤ ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ከክፍያ ነፃ አድርጎታል፤ መዋጮም ቢጠየቅ በፈቃደኝነት መሆን ይኖርበታል። ነገር ግን የልጁ ስም የተጻፈበት ፖስታ ወደ ቤት ተልኮ ማን ምን ያህል እንደሰጠ በክፍል ውስጥ ሲታወቅ፣ ባዶውን ፖስታ ይዞ ተመልሶ የሚሸማቀቀው ልጁ ስለሆነ ፈቃደኝነቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ሁለተኛው መንገድ ተማሪዎችን ኩፖን አስይዞ ወደ ካፌና ወደ ባጃጅ ተራ ማሰማራት ነው። ልጅ ዩኒፎርም ለብሶ ከማያውቀው ሰው ገንዘብ የሚጠይቅበትን አሠራር፣ ዓላማው ምንም ያህል በጎ ቢሆን አልቀበለውም፤ ኮሚቴውም በዚህ ተስማምቶልኛል። ቶምቦላ ይዘጋጅ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ሆኖም ዕጣ ማውጣት የብሔራዊ ሎተሪን ፈቃድ የሚጠይቅ በመሆኑ ለአንድ ቀን ዝግጅት ጣጣው በዛብን።

የቀረልን ሐሳብ ቀላል ነበር። ሰው በበዓል ሰሞን ገንዘብ ያወጣል፤ የሌለውም ተበድሮ ያወጣል። እንግዲህ ከኪሱ ተጨማሪ እንዲሰጠን ከመለመን ይልቅ፣ ለሽንኩርት፣ ለቡና፣ ለዕጣንና ለልጆቹ መዝናኛ ሊያወጣው ካሰበው ላይ ጥቂቱ በትምህርት ቤቱ በር በኩል እንዲያልፍ ብናደርግ ማንንም አንጎዳም። ከዚያ በኋላ የቀረበውን ሐሳብ ሁሉ የመዘንነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ወላጁ ይህን ዕቃ የእኛ ዝግጅት ባይኖርም ይገዛው ነበር ወይ? የትምህርት ቤቱ ስም የታተመበት ኩባያ፣ የግድግዳ ጌጥና የፖስታ ካርድ በዚህ ጥያቄ ወደቁ። የሽንኩርት ሽያጭ ለትምህርት ቤት ክብር አይመጥንም ያሉ ባልደረቦች ቢኖሩም፣ ሽንኩርት ግን አለፈ።

ከሁሉ በላይ ያከራከረን የቀኑ ምርጫ ነበር። ገና ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ጳጉሜን 6 የሆነችበትን ዓመት በሚከተለው ዓመት ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። በዋዜማው የሚዘጋጅ ባዛር የሚደምቅ ቢመስልም፣ ያን ጊዜ የቤተሰቡ ገንዘብ በዶሮና በበግ ላይ አልቋል፤ እናቶችም ከማድቤታቸው አይወጡም። በጣም ቀደም ቢል ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ገና አልወጣም። በዚህ ምክንያት ከበዓሉ አንድ ሳምንት ያህል ቀድሞ ያለውን ቅዳሜ መረጥን። ሰዓቱ ላይ ግን ክርክር አልነበረም። ከአዲስ አበባ በቅርቡ የተዛወረ ባልደረባችን የምሳውን ሰዓት እንድንጠቀምበት ሲመክር ሁላችንም ሳቅን፤ ከቀትር በኋላ ድሬዳዋ ሱቋን ትዘጋለች፣ የሚተኛው ይተኛል፣ የሚቅመውም በርጫው ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ዝግጅቱን ለሁለት ከፍለን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል የአስቤዛ ሽያጩን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ደግሞ ጨዋታውንና ምግቡን አደረግን። ማስታወቂያውንም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ጽፈን በበሩ ላይ ለጠፍነው።

ከወላጆቻችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ብዙ ስለሆነ ዝግጅቱን «የታኅሣሥ ባዛር» አልነው። ሥጋ ቢቀርብ የማን እርድ ነው የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም ነበር፤ ደግነቱ ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም በመሆኑ ክርስቲያኖቹም ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ስለማይቀምሱ ጥያቄው ገና ሳይነሣ ተዘጋ። ባጅያ ከሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ ከቢስባስ ጋር፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ጣፋጩ ሙሸበክ፣ የተቀቀለ ድንችና ከቡና ገለባ የሚፈላው ሆጃ፣ ያለ ወተት፣ የሁሉም ሰው ምግብ ሆነ። ለየብቻው ሁለት ማድቤት ማቋቋም ስላላስፈለገን ወጪያችንም በዚያው ቀነሰ።

ምግቡን የሠሩት በየሰፈራቸው ማታ ማታ ባጅያና ሳምቡሳ ጠብሰው የሚሸጡ እናቶች ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ተከራክሬአለሁ። ከዕለት ገቢዋ የምትኖርን እናት «ለልጅሽ ትምህርት ቤት አንድ ቀን በነፃ ሥሪ» ማለት፣ ደመወዝተኛው ወላጅ ከሚሰጠው በላይ ከእርሷ መውሰድ ነው። ስለዚህ ዱቄቱን፣ ዘይቱንና ከሰሉን ኮሚቴው ገዛ፤ ለእናቶቹም በአንድ ምሽት ሥራ ከሚያተርፉት ጋር የሚቀራረብ ገንዘብ ከሽያጩ ላይ ከፈልን፤ የቀረው ለትምህርት ቤቱ ገባ። ትርፉን እንደሚቀንሰው የተናገሩ ነበሩ፤ በሒሳብ ደረጃ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ዘይቱ እንዴት እንደሚቆጠብ፣ ሊጡ መቼ እንደሚበቃ፣ ስንት ፍሬ ከአንድ ኪሎ እንደሚወጣ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ የባከነ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ከእነዚሁ እናቶች አንዷ ዛሬ የኅብረቱ ገንዘብ ያዥ ናቸው።

የሽንኩርቱ ነገር ሰፋ አድርጎ መነገር አለበት፤ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁኝ ስለ እርሱ ነውና። ከወላጆቻችን መካከል ቀፊራ ገበያ ላይ ከሐረማያ አካባቢ የሚመጣ ሽንኩርትና ድንች በጅምላ የሚያከፋፍሉ ነጋዴ አሉ። «መምህር፣ ገንዘብ ስጡ ብትሉኝ መቶ ብር ሰጥቼ እሸኛችሁ ነበር፤ ሽንኩርት በዱቤ ስጠን ካላችሁኝ ግን ሥራዬ ስለሆነ እችልበታለሁ» አሉኝ። ስምምነታችን ዕቃውን ሳንከፍል እንድንወስድ፣ የተሸጠውን ሰኞ እንድንከፍል፣ ያልተሸጠውንና ያልተበላሸውን እንድንመልስ ነበር። የመሸጫ ዋጋውን በጅምላውና በችርቻሮው ዋጋ መካከል ስላደረግነው ወላጁ ከሰፈሩ ሱቅ በቅናሽ ገዛ፤ ትምህርት ቤቱም አተረፈ። ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር ቢያስብበት መልካም ነው። የመጀመሪያው የማዳበሪያው ክብደት የሽንኩርቱ ክብደት አለመሆኑ ነው፤ አፈሩ፣ ልጣጩና የበሰበሰው ሲለቀም፣ በሙቀቱም የሚደርቀው ሲቀነስ ኪሎው ያንሳል፤ ዋጋው ይህን ታሳቢ አድርጎ ካልተተመነ ትርፍ የተባለው በሚዛኑ ላይ ይቀራል። ሌላው ወላጆች ስንት ኪሎ እንደሚፈልጉ አስቀድሞ መመዝገብ ነው። እኛ ሳምንቱን ሙሉ ልጆቻቸውን ሊያደርሱ ሲመጡ በር ላይ በደብተር ስለመዘገብናቸው፣ ዓርብ ማታ መምህራኑ በአምስት አምስት ኪሎ ከፋፍለው አሳደሩት። ሚዛኑንም ገዢው ራሱ እንዲያየው ከፊት አስቀመጥነው። የቁም ዶሮ እንሽጥ ላሉን ግን በሙቀቱ ሲሞቱብን ማን ይከፍላል ብለን እንቢ አልን።

ድንኳን፣ ወንበር፣ ትልልቅ ድስትና ትሪ ከሰፈሩ እድርና እንደ እድር ካለው መረዳጃ ማኅበር ከአፎሻው በትውስት አገኘን። የእድር ዕቃ በመጀመሪያ የኀዘን ዕቃ ነው፤ ስለዚህ በዕለቱ ለቅሶ ከደረሰ ድንኳኑ ያለ ክርክር እንደሚነሣ በውሉ ላይ እኛው ራሳችን አስጻፍን። ጠረጴዛዎቹንም ድንኳኑ ቢነሣ ወደ ዛፎቹ ጥላ እንዲዛወሩ አድርገን ነው ያሰናዳናቸው። ለቅሶ አልደረሰም፤ ነገር ግን ያቺ አንዲት መስመር የእድሩን ዳኛ አመኔታ ስላስገኘችልን ኪራይ ሳንጠየቅ ቀረን።

ለከሰዓት በኋላው ዋናው ጉዳይ ልጆቹ ነበሩ። ወላጅ የሚመጣው የራሱን ልጅ ሊያይ ነው፤ የልጁ ተራ እንዳለፈም ይሄዳል። ስለዚህ መዝሙሩን፣ ግጥሙንና ድራማውን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከማጨቅ ይልቅ የየክፍሉን ተራ እስከ ምሽት በትነን፣ በመካከሉ የገና ጨዋታ አደረግን። ገናውን ለልጆቹ ያለማመዱት የምድር ባቡር ጡረተኛ የሆኑ አያት ናቸው፤ ዱላውን ቆልመም ካለ እንጨት ራሳቸው ጠርበው አመጡ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ቢባልም የልጅ ጥርስ ከተሰበረ የሚቆጣ ወላጅ መኖሩ አይቀርምና፣ በዱላው የሚመታውን ኳስ፣ ሩሩን፣ ከእንጨት ሳይሆን ከጨርቅ ጠቅልለን ሠራነው፤ ዱላውን ከጉልበት በላይ ያነሣ ልጅ ከሜዳ እንዲወጣም ደነገግን። የ5ኛና የ6ኛ ክፍሎች ጨዋታ በነፃ የታየ ሲሆን፣ መምህራን ከወላጆች ጋር ለገጠሙበት ግን በወንበር 10 ብር አስከፈልን። ርእሰ መምህራችን ሩሩን ስተው አቧራ ሲመቱ የተሰማው ሳቅ ብቻውን ከ10 ብር በላይ ያወጣል። ምግቡም ከሁሉ ይልቅ የተሸጠው በጨዋታዎቹ መካከል ባለው ዕረፍት ነበር።

በመጨረሻ አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ ለጨረታ አቀረብን። በዚህ ላይ ሁለት ደንብ አውጥተን ነበር፦ ተጫራቹ ግለሰብ ሳይሆን ቡድን እንዲሆንና የተጠራው ገንዘብ እዚያው እንዲከፈል። በድምፅ ማጉያ ፊት በስሜት ቃል ገብቶ በማግሥቱ የሚሸሽ ሰው በየዝግጅቱ አለ፤ ያን ሰው በልጆቹ ፊት ባለዕዳ ማድረግ ለእኛም ለእርሱም አይበጅም። የባጃጅ ሹፌሮችና የቀፊራ ነጋዴዎች ተፎካከሩ። «አቦ፣ ይሄ ዳቦ ከባጃጅ ተራ አይወጣም!» ብለው ሹፌሮቹ አሸነፉ፤ ቆርሰውም ለልጆቹ አደሉት።

የገንዘብ አያያዙን በተመለከተ፣ ምግብ የሚሸጡት ሰዎች ገንዘብ አይነኩም ነበር። ገዢው ከአንድ ጠረጴዛ ባለ ቀለም ኩፖን ገዝቶ በኩፖኑ ይበላል፤ ምሽት ላይ ኩፖኑና ገንዘቡ ይመሳከራሉ። ጥሬ ገንዘቡ በሞዴል 64፣ በዓይነት የተለገሰው ዕቃ በሞዴል 19 ደረሰኝ ገቢ ተደረገ። አዲስ አበባ ያሉ የቀድሞ ተማሪዎች በቴሌብር የላኩትን፣ ጅቡቲ ያሉትም በዘመዶቻቸው በኩል ያደረሱትን የተቀበልነው በትምህርት ቤቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ እንጂ በማንም ሰው ስልክ አልነበረም። የሁለት ፈረቃውን ገቢና ወጪ ወዲያው በጥቁር ሰሌዳ ጽፈን በሩ ላይ አቆምነው፤ የጨውና የክብሪቱ ወጪ ሳይቀር ተጽፎ ነበር። ከወላጆች አንዱ ሱቅ ያላቸው ሰው ያን ሰሌዳ ቆመው ሲያነቡት ቆይተው ሄዱ፤ በሳምንቱ መጀመሪያ ደግሞ ለማማው መሠረት የሚሆን ሲሚንቶ በጋሪ አስጭነው ላኩልን። ከተሰበሰበው ገንዘብ ከግማሽ የሚበልጠው ከሽንኩርቱና ከምግቡ የተገኘ ነው፤ ጨረታው ከጫጫታው ያነሰ ድርሻ ነበረው።

ግንባታው ላይ ዕቅዳችን በአንድ ነገር ተለወጠ። 5,000 ሊትር ውኃ አምስት ቶን ይመዝናል፤ ልጆች ከሥሩ ለሚቆሙበት ማማ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ብየዳውን የሠሩት፣ እርሳቸውም የምድር ባቡር ሰው ናቸው፣ ወፍራም ብረትና ጥልቅ የኮንክሪት መሠረት ካልሆነ እጄን አላስገባም ስላሉ ወጪው ጨመረ፤ እኛም ከስድስቱ ቧንቧዎች ሁለቱን ቀንሰን በአራት ጨረስነው። የድሬዳዋ ውኃ ከከርሰ ምድር የሚወጣና ኖራ የሚበዛበት በመሆኑ፣ ማንቆርቆሪያችንን ነጭ የሚያደርገው ቅርፊት ቧንቧውንም ይደፍነዋል፤ ለዚህም ቧንቧ መለወጫ የሚሆን ገንዘብ ለይተን በባንክ አስቀምጠናል። ሮቶው ፀሐይ ላይ ቢውል ውኃው ለመጠጥ ስለማይሆን በላዩ የቆርቆሮ ጥላ ሠርተንለታል።

አሁን ኮሚቴው የሚነጋገረው ለዒድ አልፈጥር ተመሳሳይ ሽያጭ ስለማዘጋጀት ነው። የሒጅራው ዓመት በ11 ቀናት ገደማ ስለሚያጥር ቀኑ በየዓመቱ እንደ አዲስ መሰላት አለበት፤ ዋናው ሸቀጥም ቴምር፣ ዱቄትና ዘይት ይሆናል፤ ሰዓቱ ደግሞ ከአፍጥር በኋላ። በ2017 እና በ2018 ረመዳንና ዐቢይ ጾም በቀናት ልዩነት ተከታትለው ስለገቡ፣ የምግብ ዝርዝራችን ከታኅሣሡ ብዙም እንዳይለወጥ ተስማምተናል። ያልተስማማንበት የምሽት መብራቱ ወጪ ነው።