በነቢያት ጾም ራሲካ ሄደን እራት የበላነው እንዲህ ነው

እህቴ የነርሲንግ ትምህርቷን የጨረሰችው ታኅሣሥ ላይ ነው፣ በጾም። ደህና ቦታ እንጋብዛት ተባባልን። እማዬ በጾም ጉዳይ ድርድር አታውቅም፣ እህቴ ደግሞ ለዛሬ እንኳን ከበያይነቱ አሳርፉኝ አለች። እኔ ራሲካን መረጥኩ። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፔን ኳርተር ውስጥ ከ2005 ጀምሮ የሚሠራ፣ ሰው ለብሶ የሚሄድበት የህንድ ምግብ ቤት ነው።

ህንድ ቤት ሥጋ የሌለው ምግብ ሞልቷል። ሥጋ የለውም ማለት ግን ጾም ነው ማለት አይደለም! ምስሩ ላይ ብዙ ጊዜ ንጥር ቅቤ ይገባል። ፓኒር አይብ ነው። ኮርማ የሚሉት ወጥ እርጎ ወይም ክሬም አያጣም። ናን እንኳን ዳቦ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሊጡ ብዙውን ጊዜ በእርጎ ወይም በወተት ይቦካል፣ ከምድጃ ሲወጣም ቅቤ ይቀቡታል።

ስለዚህ ቀድሜ ደወልኩ። ሰዓቱም ወሳኝ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ኪችኑ ሳይጨናነቅ ከደወላችሁ ጠይቆ የሚመልስላችሁ ሰው ታገኛላችሁ። ቬጀቴሪያን ነን አትበሉ፣ ቪጋን (ወተትም ቅቤም የማይነካ) በሉ። ከዚያም በስም ጥሩ፦ ቅቤ፣ ክሬም፣ እርጎ፣ አይብ። እናታችሁ እንደ እማዬ ከሆነች ደግሞ የመጥበሻው ዘይት ዶሮም ይጠበስበት እንደሆነ ጠይቁ። እሷ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው። ቦታውንም ለመጀመሪያው ሰዓት ያዝኩ፣ እስከ ዘጠኝ ጾማ የዋለች ሴት ማታ ሦስት ሰዓት ድረስ አትጠብቅማ።

የቤቱ ስመ ጥር ምግብ ፓላክ ቻት ነው። ስፒናቹ ቅጠሉ እንዳለ በሽምብራ ዱቄት ስስ ተደርጎ ይለወስና ይጠበሳል፤ ላዩ ላይ እርጎ፣ የተምርና የታማሪንድ ስልስ፣ የተከተፈ ቲማቲምና ሽንኩርት ይደረግበታል። እኛ ያለ እርጎ አዘዝን። ሲነክሱት ቀሽ ይላል፣ ወዲያው ጣፋጩና ኮምጣጣው አንድ ላይ ይመጣል። እህቴ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው።

ከዚያ ሽምብራ ወጥ፣ በዘይት የተሠራ ምስርና ቅቤ ያልነካው ሮቲ (የህንድ ቂጣ) መጣ። እማዬ ገና ሳትቀምሰው ከሙኑንና ድንብላሉን በሽታው ለየች። «እርዱን አበዙት እንጂ የኛው ቅመም እኮ ነው» አለችና ሮቲውን በእጇ ቆርሳ መብላት ጀመረች። በጣም ደስ አለኝ፤ ለዚያ ነበር ያን ሁሉ የደወልኩት።

እንዲህ ዓይነት ቤት ምግቡ በትንሽ በትንሹ ነው የሚቀርበው፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ከሚያዝ መሀል ላይ አድርጋችሁ ተካፈሉ፣ ካነሰ ትጨምራላችሁ። ከጣፋጩ ብዙ አትጠብቁ፤ ጉላብ ጃሙኑም፣ ኩልፊውም፣ ኪሩም ወተት ነው። እኛ ሻይ ያለ ወተት ጠየቅን፣ እህቴም ሻማዋን ባዶ ሳህን ላይ እፍ አለች።

ሂሳብ ሲመጣ ደግሞ ደረሰኙን አንብቡ። ብዙ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ቲፑ ቀድሞ ሊደመር ይችላል። ካልተደመረ 20 በመቶ ጨምሩ፤ ያን ሁሉ ጥያቄያችንን ይዞ ኪችን ሲመላለስ ያመሸው አስተናጋጅ ይገባዋል።