ሙሉ ስካን በ9 ደቂቃ

ፍላሹ 16 ጊጋባይት ነው፤ 11ዱ ተይዟል ይላል። ስከፍተው ያለው ግን አራት ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚያመላክት አቋራጭ) ብቻ ነው፤ አንዱም ከ2 ኪሎባይት አይበልጥም። ሂሳብ ባልችልም አራት ሁለቶች ተደምረው 11 ጊጋባይት እንደማይሞሉ አውቃለሁ።

አንቲቫይረሱን አስነሳሁ፦ 0 ስጋት። አፕዴት አድርጌ ደገምኩ፦ 0። ተናድጄ ሙሉ ስካን አዘዝኩና ሻይ ልጥድ ተነሳሁ። ውሃው ሳይፈላ በ9 ደቂቃ ጨርሶ አረንጓዴ ምልክቱን አሳየኝ። «ወይ ፍጥነት!» ብዬ በኮምፒውተሬ ኮራሁ።

«የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ» የሚለውን ምልክት አድርጌ እሺ አልኩ። ተመልሼ ሳይ ምልክቱ የለም። ደገምኩ፤ ጠፋ። እኔ መብራት አበራለሁ፣ የማላየው ሰው ያጠፋል። ምልክቱ የሚቀመጠው ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ ውስጥ ስለሆነ ሜሞሪ ላይ እየሠራ ያለ ቫይረስ በየሰከንዱ ሊመልሰው ይችላል።

እዚህ ላይ የመጣብኝ ሐሳብ አስፈሪ ነበር። አንቲቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ «እዚህ ፎልደር ውስጥ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቀው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን፣ ማለትም ዊንዶውሱን ነው። የረቀቀ ቫይረስ መሐል ገብቶ የራሱን ስም ከዝርዝሩ ፍቆ መልሱን ያቀብላል፤ ሌባውን በር ላይ አቁሞ «ሌባ ገብቷል ወይ?» እንደማለት ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም። በ1986 የወጣው ብሬይን የሚባል ቫይረስ የዲስኩን ቡት ሴክተር (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነበውን ክፍል) ለማንበብ ለሚሞክር ሁሉ ደብቆ ያስቀመጠውን ንጹሕ ቅጂ ያሳይ ነበር። በ2005 ደግሞ የሶኒ ቢኤምጂ የሙዚቃ ሲዲዎች ኮምፒውተር ላይ የጫኑት የቅጂ መከላከያ ፕሮግራም ስሙ በአንድ የተወሰነ ቃል የሚጀምርን ፋይል ሁሉ ይሰውር ስለነበር፣ ሌሎች ቫይረሶች ስማቸውን በዚያው ቃል ጀምረው በነፃ ተጠለሉበት።

የእኔው ሌባ ግን ይህን ያህል አልደከመም። የአንቲቫይረሱን ማግለያ ዝርዝር («እነዚህን አትፈትሽ» የሚባልበትን) ስከፍት ሲ ድራይቭ በሙሉ፣ ከሥሩም ቪቢኤስ የሚባለው የስክሪፕት (የትንሽ ፕሮግራም) ዓይነት ሰፍረው አገኘኋቸው። ይህን ለማድረግ የአድሚን ፈቃድ ብቻ ይበቃል። ፈቃዱን ማን ሰጠ? ብቅ ያለ መስኮት ሁሉ ላይ ሳያነብ «አዎ» የሚል ሰው ይኖራላ። ለካስ ስካነሩ ፈጣን አልነበረም፤ የሚፈትሸው አጥቶ ነው። ዝርዝሩን ባጠፋ ወዲያው ተመልሶ ይጻፋል፤ ስለዚህ መፈተሽ ያለበት ዊንዶውሱ ተኝቶ ነው።

በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር፣ በሌላ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ በሊኑክስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በተለየ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ የሚነሳ የማዳኛ ዲስክ አዘጋጀሁ። በተጠቃው ማሽን ላይ ማዘጋጀት ፋይዳ የለውም፤ ፍላሹም አብሮ ይታመማል። ማሽኑን ስከፍት ኤፍ 12ን ደጋግሜ ተጫንኩና ከፍላሹ አስነሳሁት (በአንዳንዱ ማሽን ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ ነው)። ሊኑክስ ለዊንዶውስ የመደበቂያ ምልክት ደንታ ስለሌለው 11 ጊጋባይቱ ቁጭ ብሎ ታየኝ። ሃርድ ዲስኩን ልከፍት ስል ግን ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ 48 አኃዝ ያለው መክፈቻ ቁጥር ጠየቀኝ።

ቁጥሩንማ አስቀምጬዋለሁ፤ ለጥንቃቄ ብዬ ፎቶ አንስቼ፣ እዚያው የተቆለፈው ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ላይ።

ወደ ታመመው ዊንዶውስ ተመልሼ ስምንቱን ባለስድስት አኃዝ ምድቦች በወረቀት ገለበጥኩ፤ እንደገና በፍላሹ አስነሳሁ። ከውጭ የተጀመረው ፍተሻ የቫይረሱን ስክሪፕት ከስታርትአፕ ፎልደር (ዊንዶውስ ሲነሳ አብረው የሚነሱት ከሚቀመጡበት) አወጣው። ዊንዶውስ ስገባ ሥራዎችን በሰዓታቸው በሚያስነሳው ታስክ ስኬጁለር ውስጥ ቫይረሱን በየ10 ደቂቃው የሚቀሰቅሰውን ትእዛዝ በእጄ ሰረዝኩ፤ የማግለያ ዝርዝሩንም አጸዳሁ፤ አልተመለሰም።

አሁን ሙሉ ስካን 3 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሻዩ ፈልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ብርጭቆው ታጥቦ እሱ ገና 41 በመቶ ላይ ነው።