አፈሩ እርጥብ፣ በሶብላው ጠውላጋ

የምሠራው መዓዛማ ዕፅዋት የሚለማበት እርሻ ላይ ነው። በሶብላ፣ ናና፣ ጦስኝ፣ ሮዝመሪ አለን። አንድ የበጋ ወቅት የበሶብላው መደብ ግራ አጋባን። አፈሩን በእጅ ስንነካው እርጥብ ነው፤ ተክሉ ግን ፀሐይ ጠንከር ሳትል ገና ይጠወልጋል። የቅጠሉ ጫፍና ዳር ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። አዲስ የተዘራው ዘር ደግሞ ብዙው ሳይበቅል ቀረ። እኔን የገረመኝ አጠገቡ ያለው ሮዝመሪ ነው፣ ምንም አልሆነም።

አንዱ ባልደረባዬ "ማዳበሪያ አንሶት ነው፣ እንጨምርለት" አለ። ቅጠል ሲከፋ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንኑ ነው። የሰብል ባለሙያችን ግን "ቆዩ፣ መጀመሪያ ይለካ" ብላ ናሙና ወሰደች። የአፈሩ ጨዋማነት በሜትር ከ4 ዴሲሲመንስ (የአፈሩ ውሃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም መለኪያ ነው፤ ጨው ሲበዛ ቁጥሩ ይጨምራል) በላይ ሆኖ ተገኘ። አፈር ጨዋማ የሚባለው ከዚህ ልክ ሲያልፍ ነው። በሶብላ ደግሞ ጨው ብዙም አይችልም፣ ሮዝመሪ ይሻላል።

ነገሩን እንዲህ አስረዳችን። ሥር ውሃ የሚስበው በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከአፈሩ ውሃ የበለጠ የሟሟ ነገር ስላለው ነው። አፈሩ ውስጥ ጨው ሲበዛ ይህ ልዩነት ይጠብና ውሃው እዚያው ሥሩ ዙሪያ እያለ ተክሉ ይጠማል። ቆየት ሲል ሶዲየምና ክሎራይድ ቅጠሉ ውስጥ ተጠራቅመው ዳሩን ያቃጥሉታል። ማዳበሪያውም ቢሆን ብዙው ጨው ነው! በተለይ ፖታሲየም ክሎራይድ ጨምረንበት ቢሆን ኖሮ መደቡን ጨርሰን እናጣው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጨው ከየት መጣ? ከራሱ ከመስኖው። የጉድጓድ ውሃችን ትንሽ ጨው አለው። በጠብታ መስኖ በቁጥቁጥ ስንሰጠው ውሃውን ተክሉ ይጠጣዋል፣ ፀሐይም ታተነዋለች፣ ጨዉ ግን የትም አይሄድም፤ እርጥበቱ የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ይከማቻል። እዚያ ይታይ የነበረው ነጭ ቅርፊት ለካ እሱ ነው።

መጀመሪያ የማፋሰሻ ቦይ ቆፈርን፤ መውጫ ከሌለው ውሃ ማብዛት ጨዉን መልሶ ወደ ላይ ያመጣዋል። ከዚያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ተክሉ ከሚፈልገው በላይ እየለቀቅን ጨዉን ከሥሩ በታች አወረድነው። ውሃው ከአፈሩ ገጽ እንዳይተን ገለባ አለበስነው። እንደገና ተለክቶ ጨዋማነቱ ሲወርድ ብቻ በሶብላ ዘራንበት፣ በደንብ በቀለ። አሁን ማዳበሪያ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የጨው ልኬቱን ያሳያል።