ሁለቱ ቁልቁለቶች

እሁድ ማታ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። የወንድሜን ስልክ እየጠበቅኩ ነው፤ እስካሁን አልደወለም። ቡና አፍልቼ ነበር። አቦሉን ብቻዬን ጠጣሁና ጀበናውን እዚያው ተውኩት። እንዲህ ያለ ቀን ምን እንደሚያደርገኝ ታውቃላችሁ። ይሄ ነው የምለው ምክንያት የለውም። ዝም ብሎ ይከብደኛል።

ትንሹ መጣና ፊቴን አየት አድርጎ «ማሚ፣ ዲፕረስድ ነሽ እንዴ?» አለኝ።

«አይ፣ ድብርት ነው» አልኩት።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለ። የምመልስለት አጣሁ። ሳመኝና ወደ ክፍሉ ገባ።

እሱ ገባ፣ ቃሉ ግን እኔጋ ቀረ። እኛ ለሰው ሲሆን ድብርት፣ ለኢኮኖሚ ሲሆን ድቀት እንላለን። እዚህ አሜሪካ ለሁለቱም ያላቸው ቃል አንድ ነው፤ ዲፕረሽን። ይህን እያሰብኩ ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ትልቋ ላፕቶፗን እንደተከፈተ ትታው ሄዳለች። የፈተና ሳምንቷ ነው። አንድ ሠንጠረዥ ይታያል። በግራ በኩል ዓመት፣ በቀኝ በኩል ቁጥር። የአሜሪካ ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ከ1930 እስከ 1946 በየዓመቱ በስንት በመቶ እንዳደገ ወይም እንደቀነሰ ያሳያል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የዋጋ መውጣትና መውረድም ከስሌቱ ተነሥቷል።

ለአንድ ደቂቃ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። አሁን እኩለ ሌሊት አልፏል።

የመጀመሪያዎቹ አራት መስመሮች የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዓመታት ናቸው፤ ሁሉም ከፊታቸው የመቀነስ ምልክት አላቸው። 1930 ላይ 8.5 በመቶ ቀነሰ። 1931 ላይ ደግሞ 6.4። 1932 ላይ 12.9። 1933 ላይ ከ1 በመቶ ትንሽ በለጥ። በየጊዜው በነበረው ዋጋ በዶላር ሲታይ፣ በ1929 ወደ 104 ቢሊዮን የነበረው በ1933 ወደ 57 ቢሊዮን ወርዷል። ሥራ ከሚፈልገው ሰው ውስጥ ከአራቱ አንዱ ሥራ አጥ ነበር።

1932 ላይ ቆምኩ። ያን ዓመት አውቀዋለሁ፤ በአውቶቡስ አልፌበታለሁ። ወደ ሥራ ስሄድ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የአናኮስቲያን ወንዝ እናቋርጣለን። ወንዙ ዳር ያለው ሜዳ በዚያ በጋ ድንኳንና የቆርቆሮ ጎጆ ሞልቶበት ነበር። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች ነበሩ፤ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው የመጡም ብዙ ናቸው። መንግሥት በ1945 እከፍላችኋለሁ ብሎ የፈረመላቸው ገንዘብ ነበራቸው። እነሱ ደግሞ አሁን ርቦናል፣ አሁን ይሰጠን አሉ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የገዛ አገራቸው ጦር በአስለቃሽ ጭስ በተናቸው። ጎጆዎቹ ተቃጠሉ። ሠንጠረዡ ላይ ይህ ሁሉ «−12.9» ተብሎ በአንዲት መስመር ተቀምጧል።

የሚገርመኝ፣ ያን ጊዜ ይህን ቁጥር የሚያውቅ ማንም አልነበረም። የአገሪቱ መሪዎች ኢኮኖሚው እንዴት እንደዋለ የሚያውቁት በባቡር የተጫነውን ዕቃ፣ የብረት ፋብሪካዎችን ምርትና የአክሲዮን ዋጋን እያዩ ነበር። ሕመምተኛው እየሞተ ነው፣ ትኩሳቱን የሚለካ ግን የለም። በ1932 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በቃ ይቆጠር አለ። ሥራው የተሰጠው ሳይመን ኩዝኔትስ ለሚባል ኢኮኖሚስት ነው። ዛሬ ቤላሩስ ውስጥ ባለችው በፒንስክ የተወለደ፣ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ የመጣ ስደተኛ ነው። ከጥቂት ረዳቶች ጋር ሆኖ ደብተር ለደብተር ለቀመው። በጥር 1934 ሪፖርቱን አስረከበ። የአገሪቱ ገቢ በሦስት ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል ወርዷል አላቸው። ሰዉ በሆዱ ሲያውቀው የቆየውን ነገር መንግሥት ያን ቀን በወረቀት አነበበው።

ኩዝኔትስን የወደድኩት ግን በሌላ ነገር ነው። እዚያው ሪፖርት ላይ የአንድን ሕዝብ ደኅንነት ከዚህ ቁጥር ማወቅ እንደማይቻል አስጠንቅቋል። የቤት እመቤት በቤቷ የምትሠራው ሥራ እንዳልተቆጠረም ጽፏል። ሚዛኑን የሠራው ሰው ራሱ ሚዛኑ ምን እንደማይመዝን በግልጽ ተናገረ። እንዲህ ያለ ሰው አከብራለሁ።

ከ1934 ጀምሮ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል። 10.8፣ 8.9፣ 12.9። ይህ የመጨረሻው የ1936 ነው። ለእነዚያ ዘማቾችም ገንዘባቸው የተከፈለው ያን ዓመት ነው። ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ቆጠርኩት። 1928። ማይጨው። ሚያዝያ 27 ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት። በቤታችን ሽማግሌዎች ሲጠሩት ድምፃቸው የሚወርድ ዓመት ነው። ለዚህኛው አገር ከድቀቱ በኋላ ከነበሩት የተስፋ ዓመታት ሁሉ የተሻለው ሆኖ ተጽፏል። አንዱ ከሌላው ጋር ምንም አያገናኘው ይሆናል። እኔ ግን አልፌው መሄድ አቃተኝ። ትንሽ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

1938 ላይ እንደገና የመቀነስ ምልክት አለ፤ 3.3። መንግሥት በሽተኛው የዳነ መስሎት ወጪውን ቀነሰ፣ ማዕከላዊ ባንኩም ባንኮች ከተቀማጩ ገንዘብ ሳያበድሩ የሚይዙትን ድርሻ ከፍ እንዲያደርጉ አደረገ። ሥራ አጡ ከ14 ወደ 19 በመቶ ተመለሰ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። 1941 ላይ 17.7። 1942 ላይ 18.9። 1943 ላይ 17። በሠንጠረዡ ላይ እንደነዚህ ያሉ ቁጥሮች ሌላ ቦታ የሉም። ተማሪ ሆኜ ባየው ይህ የአገሪቱ የጥጋብ ዘመን ነው እል ነበር።

ግን ቤት ውስጥ ምን ነበር? በየካቲት 1942 የዲትሮይት ፋብሪካዎች ለሕዝብ መኪና መሥራት አቆሙ። ጎማ በራሽን ሆነ። ስኳር በራሽን ሆነ። ኅዳር ላይ ቡና ራሱ በራሽን ሆነ፤ ለአንድ ሰው በአምስት ሳምንት ግማሽ ኪሎ የማይሞላ። እዚህ ጋ ስደርስ ጀበናዬን አየሁት። እማዬ በደርግ ጊዜ የስኳር ኩፖኗን ይዛ የቀበሌ ሱቅ ስትሰለፍ ትዝ አለችኝ። እጇን ይዤ አብሬያት እቆም ነበር። አንድ አገር በታሪኩ ካየው ዕድገት ሁሉ ትልቁን ባስመዘገበበት ዓመት ሰዉ ቡና በኩፖን ይጠጣ ነበር።

ቁጥሩን ሽቅብ የነዳው ሌላ ነገር ነው። ዲትሮይት አቅራቢያ ዊሎው ረን የሚባል የፎርድ ፋብሪካ ነበር። በ1944 በየሰዓቱ አንድ ቢ-24 ቦምብ ጣይ ያወጣ ነበር። እያንዳንዱ አውሮፕላን ተቆጥሮ ምርት ውስጥ ገባ። ኩዝኔትስ በዚህ ላይ ተከራክሯል። ኢኮኖሚ የሚለካው ለሰው ኑሮ በሚውለው ነገር ነው፣ የጦር መሣሪያ እንደ ዳቦ አይቆጠር ባይ ነበር። አልሰሙትም። ከ400 ሺህ በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። ሠንጠረዡ ላይ ለእነሱ የተሠራ ዓምድ የለም።

እንዲህ ስል ግን ያን ጊዜ ሥራ ያገኘውን ሰው ደስታ እንዳልክድ እፈራለሁ። በ1944 ሥራ አጡ 1.2 በመቶ ብቻ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ «ነገ ና» ሲባል የኖረ ሰው የደመወዝ ፖስታ በእጁ ያዘ። ሴቶች ፋብሪካ ገቡ። ከሰልፉ ሁሉ መጨረሻ የሚቆሙት ጥቁሮች ከደቡብ ተነሥተው ወደ ዲትሮይትና ካሊፎርኒያ ሄዱ። ሥራ የሌለው ሰው ጠዋት ሲነጋ ምን እንደሚሰማው እኔ አውቃለሁ። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በ1932 አናኮስቲያ ሜዳ ላይ ለነበሩት ሕፃናት የለም የተባለው ገንዘብ፣ አሥር ዓመት ሳይቆይ ለቦምብ ተገኘ። የት ነበረ? ይህን ማሰብ ያመኛል።

ልዘጋው ስል የመጨረሻውን መስመር አየሁት። 1946፤ −11.6።

መጀመሪያ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ጦርነቱ አልቋል፤ ከ1932 ጋር የሚስተካከል ቁልቁለት ከየት መጣ? ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። −12.9 እና −11.6። እንደ መንትያ ናቸው። ነገሩ ይህ ነው፤ መንግሥት ታንክና አውሮፕላን ማሠራቱን አቆመ። ጦር ሠራዊቱ ተበተነ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወንዶች ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ቁጥሩ ተፈጠፈጠ፤ ሥራ አጡ ግን 4 በመቶ እንኳ አልሞላም። ኑሮ ተወዶ ነበር፣ ቤት ጠፍቶ ነበር፣ የሥራ ማቆም አድማም ነበር። ግን ያን ዓመት ሰው ተጋባ። ወደ 3.4 ሚሊዮን ልጆች ተወለዱ። ቡናው ያለ ኩፖን ይሸጥ ነበር።

እንግዲህ አንዱ ቁልቁለት ጎጆ ሲቃጠል ነው። ሌላው ቁልቁለት አባት በር ሲያንኳኳ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቀይ ቀለም ተጽፈዋል።

ተነሥቼ ሰማያዊውን ደብተር አወጣሁ። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ በየዓመቱ ያገኘሁትን የምጽፍበትን ደብተር ታውቁታላችሁ። የመደመርና የመቀነሱን ዓምድ ማስመር ጀመርኩ። ትልቁ ዕድገት የቱ ላይ እንደሆነ ሳላየውም አውቀዋለሁ። ቀን ሆቴል፣ ማታ ፓርኪንግ ካሸር የሠራሁበት ዓመት ነው። ወደ 40 በመቶ ጨምሯል። የኔ 1942። ትንሹ ያን ዓመት መራመድ ጀመረ፤ ያየችው ሞግዚቷ ናት። እኔ በስልክ ነው የሰማሁት። ትልቋ እራት የምትበላው ከጎረቤት ልጆች ጋር ነበር።

ቀጥሎ ያለው ዓመት ቁልቁል ይወርዳል። የማታውን ሥራ ተውኩ። ሩቡን ያህል ቀነሰ። አገር ቤት የሄድኩት ያን ዓመት ነው። ከእማዬ ጋር አንድ አልጋ ላይ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ሌሊት ስትተነፍስ እሰማት ነበር። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ሁለቱ መስመሮች አጠገብ አጭር ማስታወሻ ልጽፍ እስክሪብቶ አነሣሁ። አንዱን «ጥሩ ዓመት»፣ ሌላውን «መጥፎ ዓመት» ልል። እጄ ቆመ። የእማዬ ቤት ጣሪያ የተሠራው በዚያኛው ዓመት ገንዘብ ነው። ሦስቱን ሳምንት ያደርን ዝናብ በማያስገባው በዚያ ጣሪያ ሥር ነው። የማታውን ሥራ ባልሠራ ኖሮ፣ በዚያ ክረምት የምገባበት ደረቅ ቤት ይኖረኝ ነበር? ሥራውን ቀደም ብዬ ትቼው ቢሆንስ ከእሷ ጋር ስንት ሳምንት ይጨመርልኝ ነበር?