የከተማው ቡድን

ዛሬ ከኢስቶኒያ ዋና ከተማ ከታሊን 90 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዤ ስምንት ሺህ ገደማ ነዋሪ ያላትን ፓይዴን ጎበኘሁ። የሄድኩት ጥንታዊ ግንቧን ለማየት ቢሆንም፣ ቀልቤን የሳበው የእግር ኳስ ቡድኗ ነው። ስሙ «ፓይዴ ሊናሜስኮንድ» ሲሆን ትርጉሙ «የፓይዴ ከተማ ቡድን» ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ትሕትና ያለው የክለብ ስም አላውቅም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ወደ ከፍተኛው ሊግ የገባው ይህ ቡድን፣ በ2020 ከዋና ከተማው ክለብ ከፍሎራ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በ2022 ደግሞ ኖሜ ካልዩን በፍጻሜ ረትቶ የኢስቶኒያን ዋንጫ አነሣ። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን በቅርብ ዓመታት ማሊያውን ከለበሱት መካከል ከጋምቢያ የመጡ ወጣቶች መኖራቸው ነው። የመመለሻው አውቶቡስ እስኪደርስ ድረስ የሜዳውን አጥር ተደግፌ፣ እነዚያ ልጆች የመጀመሪያውን በረዶ ያዩበትን ቀን ሳስብ ቆየሁ።