የአጋሮ ቡና በኦይራስ

ሊዝበን የሄድኩት ለሥራ ነው። ስለ ስብሰባው የማወራው የለኝም፤ እንደ ማንኛውም ስብሰባ ረጅም ነበር። አንድ ቀን ነጻ ሆንኩና ከሊዝበን ዳር ወዳለችው ኦይራስ ሄድኩ። እዚያ የቡና ቅጠል ዋግ የተባለውን የፈንገስ በሽታ የሚያጠና ማዕከል አለ። ቡና በማይመረትበት ከተማ ዳር የቡና በሽታ ይጠናል ሲሉኝ፣ ሳላይ መመለስ አልሆነልኝም።

ባቡሩ የሚነሳው ከካይሽ ዱ ሶድሬ ጣቢያ ነው። መስኮት ዳር ከተቀመጡ የቴጆ ወንዝ እየሰፋ ሄዶ ከውቅያኖሱ ጋር ሲቀላቀል ያያሉ። ግማሽ ሰዓትም አይፈጅም። ጣቢያው ላይ የጠበቀኝ የጅማ ልጅ ነው፤ ዶክትሬቱን እየሠራ ነው። ገና ሰላም ሳንባባል "ጋሼ፣ ቡና ቀምሰዋል?" አለኝ። ቆመን አንድ አንድ ቢካ ጠጣን። ቢካ ሁለት ጉንጭ የማትሞላ ጠቆር ያለች ኤስፕሬሶ ናት። ጥሩ ናት፤ አቦሏን ግን ብቻዋን ጠጥቶ መነሳት ለእኔ ቢጤው ይከብዳል።

ማዕከሉ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ለምን ፖርቱጋል? ዋጉ በሕይወት ያለ የቡና ቅጠል ካላገኘ አይባዛም። ሊዝበን አካባቢ ደግሞ የቡና እርሻ የለም። ከብራዚል ወይም ከሕንድ የመጣ ናሙና ቢያመልጥ እንኳ የሚያርፍበት ማሳ አያገኝም። እዚህ እስካሁን ከ50 በላይ የዋጉ ዘሮች ተለይተዋል።

የሚለዩበት ዘዴ ቀላል ነው። የመቋቋም ባሕርያቸው የሚታወቅ የቡና ተክሎች አሉ። አዲስ የመጣው ዋግ በእያንዳንዳቸው ላይ ይሞከራል። የትኛው ታመመ፣ የትኛው አልታመመም? መልሱ የዋጉን ማንነት ይናገራል። እነዚህ መለያ ተክሎች ስም አላቸው። ልጁ ዝርዝሩን ሲያሳየኝ ቆም ብዬ ደግሜ አነበብኩት፦ አጋሮ፣ ከፋ፣ ጌሻ፣ ዲላ እና አልጌ። "የሰፈሬ ልጆች ናቸው" አለ እየሳቀ። የዓለም የቡና ዋግ የሚመዘነው በከፊል በእኛ ቡና ነው ማለት ነው። ይህን እዚያ ድረስ ሄጄ መስማቴ ትንሽ አናደደኝ።

ዋጉን ከቅርብ የሚያሳየውን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ (በብርሃን ፋንታ በኤሌክትሮን የሚያይ መሣሪያ) ያየሁት ሊዝበን ተመልሰን፣ ሌላ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። እውነቱን ለመናገር ክፍሉ አሰልቺ ነው። መስኮት የለውም፣ ፓምፑ ያጉረመርማል፣ ሁሉም ነገር ግራጫ ነው። ደስ የሚለው ዝግጅቱ ነው። መሣሪያው ውስጥ አየር የለም፤ እርጥብ ቅጠል እዚያ ቢገባ ይጨማደዳል። ስለዚህ ቅጠሉ መጀመሪያ ግሉታራልዴሃይድ የተባለ ኬሚካል ውስጥ ይነከራል፤ ሕዋሶቹ እንደነበሩ ይያዛሉ። ቀጥሎ አልኮል ነው፤ መጀመሪያ ቀጭን፣ ከዚያ እየጠነከረ፣ ውሃው ተጠርጎ እስኪወጣ። አልኮሉ በተራው በፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካል። ይህም በከፍተኛ ግፊት ከ31 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ፈሳሽም ጋዝም ያልሆነ ነገር ይሆንና ቅጠሉ ሳይኮማተር ይደርቃል። በመጨረሻ በናኖሜትር የሚለካ ስስ ወርቅ ይለብሳል፤ አለበለዚያ ኤሌክትሮኖቹ ላዩ ላይ ተጠራቅመው ምስሉን ያበላሹታል። በወርቅ የተለበጠ የታመመ የቡና ቅጠል! የጥፍር ያህል እንኳ አይሆንም።

ልጁ ቁልፉን ሲያዞር የቅጠሉ ሆድ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ቡና መተንፈሻ ቀዳዳዎቹ ያሉት ከታች በኩል ነው፤ ዋጉም የሚገባውም የሚወጣውም በእነሱ ነው። ከአንዱ ቀዳዳ ስፖሮች (ፈንገሱ የሚባዛባቸው ብናኞች) ተጨናንቀው ወጥተዋል። አንዱን አቀረበው። የብርቱካን ፍልቃቂ ይመስላል፤ ጀርባው በሙሉ እሾህ፣ ሆዱ ልሙጥ። ርዝመቱ 30 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ሠላሳ ያህሉ ቢሰለፉ አንድ ሚሊሜትር ይሞላሉ። በዓይን ሲታይ ብርቱካንማ ዱቄት የነበረው እዚህ ቀለም የለውም። መጽሔት ላይ የምናየው ቀለም በኋላ በኮምፒውተር የሚቀባ ነው።

የገረመኝ ግን ሌላው ምስል ነው። ይህኛው ከውስጥ ነው፤ ቅጠሉ በአልማዝ ስለት እጅግ ስስ ሆኖ ተቆርጦ ኤሌክትሮኑ በመሃሉ ያልፋል። ፈንገሱ የሕዋሱን ግድግዳ በስቶ የመመገቢያ አካሉን አስገብቷል። ሆስቶሪየም ይሉታል። ውስጠኛውን ስስ ሽፋን ግን አልቀደደውም። ሽፋኑ ተለጥጦ ዙሪያውን ከቦታል። ሕዋሱ በሕይወት አለ፤ ምግብ ያዘጋጃል፣ ይበላበታል። "ከገደለው እሱም በረሃብ ይሞታል" አለኝ ልጁ። የሚቋቋም ተክል ይህን ይጠቀምበታል። የተወረረው ሕዋስ ቶሎ ይሞታል፣ ፈንገሱም አብሮ ይሞታል።

ታዲያ ይሄ ጠንቃቃ እንግዳ የሲሎንን (የዛሬዋን ስሪ ላንካ) ቡና እንዴት አወደመ? እ.ኤ.አ. በ1869 እዚያ ታወቀ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ደሴቲቱ ቡናን ትታ ወደ ሻይ ዞረች። መልሱ ብዙም አያስቸግርም። ተራራው ሁሉ በአንድ ዓይነት ቡና ተሞልቶ ነበር። ከፋ ጫካ ውስጥም ዋግ አለ፤ ግን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቡናዎች አንድ አይደሉም። ራሱን ዋጉን የሚበላ ነጭ ፈንገስም አለ። ቲሞር ደሴት ላይ በተፈጥሮ ከተገኘው የአረቢካና የሮቡስታ ቡናዎች ዲቃላ የወጡት ዝርያዎች ለጊዜው እፎይታ ሰጥተው ነበር። ሆንዱራስ ውስጥ ለምፒራ የተባለው አንዱ ዝርያ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 በዋጉ ተረታ።

የቡናውን ሥር ሳላይ ወጣሁ፤ ናሙናው ገና አልኮል ውስጥ ነበር። አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ልጁ ፎቶውን በቴሌግራም ላከልኝ። ሥር ውስጥ የሚኖር ሌላ ፈንገስ ነው፤ ማይኮራይዛ። እዚህም ግድግዳው ተበስቷል፣ እዚህም የሕዋሱ ሽፋን ሳይቀደድ እንግዳውን ከቦታል። ልዩነቱ፣ ይህኛው ሕዋሱን እስኪሞላው ድረስ ቅርንጫፍ አውጥቷል። ከሥሩ "ጋሼ፣ ይሄኛው ኪራይ ይከፍላል" ብሎ ጽፏል። "ስንት?" አልኩት። ፎስፈረስ ከአፈር እያመጣ፣ ስኳርና ስብ ከቡናው እንደሚወስድ አስረዳኝ። ሂሳቡ ይመጣጠናል ወይ ብዬ ብጠይቀው "እሱን ቡናው ነው የሚያውቀው" አለኝ።